ፌቤ (የሳተርን ጨረቃ)

ፌቤ በሳተርን ፕላኔት ዙሪያ የምትዞር ትንሽ ጨረቃ ናት። አማካይ ዲያሜትሯ 213 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ከሳተርን ኢ-መደበኛ ጨረቃዎች ሁሉ ትልቋ ናት። ኢ-መደበኛ የሚባሉት ከፕላኔታቸው በጣም ርቀው፣ ባዘመመና በሞላላ ምህዋር የሚዞሩ ጨረቃዎች ናቸው።

ግኝት

ፌቤን ያገኛት አሜሪካዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ዊሊያም ሄንሪ ፒከሪንግ ነው። ፒከሪንግ በነሐሴ 1890 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1898) ፔሩ ውስጥ በአሬኪፓ ከተማ አቅራቢያ የተነሱ ፎቶግራፎችን ሲመረምር፣ በከዋክብት መካከል ቦታዋን የምትለውጥ ደብዛዛ ነጥብ አየ። ግኝቱ በመጋቢት 1891 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1899) ይፋ ሆነ። በፎቶግራፍ አማካይነት የተገኘች የመጀመሪያዋ ጨረቃ ፌቤ ናት።

ምህዋር

ፌቤ ከሳተርን በአማካይ 13 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። አንድ ዙር ለመጨረስ 550 ቀናት ገደማ ይፈጅባታል። የምትዞረው ሳተርን በራሱ ዛቢያ ከሚሽከረከርበት አቅጣጫ በተቃራኒ ነው። ከሳተርን ጋር አብራ ከአንድ የጋዝና የአቧራ ዝርግ ተፈጥራ ቢሆን ኖሮ እንደ ታላላቆቹ ጨረቃዎች በአንድ አቅጣጫ በዞረች ነበር። ስለዚህ ሳይንቲስቶች ፌቤ ሌላ ቦታ ተፈጥራ ኋላ በሳተርን ስበት የተያዘች አካል ናት ይላሉ።

የካሲኒ ጉብኝት

የካሲኒ መንኮራኩር ሳተርን ዘንድ ለመድረስ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲቀራት፣ ሰኔ 4 ቀን 1996 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁን 11 ቀን 2004) ከፌቤ በ2,068 ኪሎ ሜትር ርቀት አለፈች። የፌቤ ገጽ በግጭት በተፈጠሩ ጉድጓዶች የተሞላ ሆኖ ተገኘ። ትልቁ ጉድጓድ ጄሰን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ስላለው፣ የጣና ሐይቅ በርዝመቱም ቢሆን ውስጡ ይገባል። ምርመራው የውሃ በረዶና የካርቦን ዳይኦክሳይድ በረዶ መኖሩንም አሳይቷል። የፌቤ እፍጋት በሴንቲ ሜትር ኩብ 1.6 ግራም ያህል ነው። ይህም ከበረዶ በተጨማሪ ብዙ ዓለት እንዳላት ያመለክታል።

ቀለበቱና ያፔተስ

እ.ኤ.አ. በ2009 የስፒትዘር የጠፈር ቴሌስኮፕ በፌቤ ምህዋር አካባቢ እጅግ ሰፊና ስስ የአቧራ ቀለበት አገኘ። አቧራው የሚመነጨው ጥቃቅን አካላት ፌቤን ሲመቷት እንደሆነ ይታመናል። ወደ ውስጥ እየሳበ የሚሄደው ይህ አቧራ ያፔተስ የተባለችውን ሌላ የሳተርን ጨረቃ ፊት ለፊት ይገጥማታል። ያፔተስ አንዱ ገጿ ጥቁር፣ ሌላው ነጭ መሆኑ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ተመራማሪዎችን ሲያስገርም ኖሯል፤ አሁን ግን ጥቁረቱን የጀመረው የፌቤ አቧራ እንደሆነ ይታሰባል።

ስያሜ

ፌቤ በግሪክ አፈ ታሪክ የክሮኖስ እኅት ናት፤ ክሮኖስን ሮማውያን ሳተርን ይሉታል። የስሙ ትርጉም «ብሩህ» ቢሆንም፣ ጨረቃዋ ከሚያርፍባት ብርሃን ከአሥር አንድ እጁን እንኳ የማታንጸባርቅ ጥቁር አካል ናት።