ሹተር፣ ጂም

አሜሪካዊ የኮሚክ መጽሔት ጸሐፊ፤ ከ1978 እስከ 1987 (እ.ኤ.አ.) የማርቭል ኮሚክስ ዋና አዘጋጅ። በ1951 በፒትስበርግ ተወለደ፤ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜው ለዲሲ ኮሚክስ ታሪክ ይጽፍ ነበር።

የዋና አዘጋጅ ሥልጣን የት ድረስ እንደሚሄድ ከሁሉ በላይ የሚያሳየው የ1980ው የኤክስ-ሜን ታሪክ ነው። ከኤክስ-ሜን ጀግኖች አንዷ የሆነችው ጂን ግሬይ ፊኒክስ በተባለው ኃይል ሰክራ አንድ ኮከብ ስታጠፋ፣ በዙሪያው በምትዞር ፕላኔት የሚኖሩ ቢሊዮኖች አብረው ያልቃሉ። ደራሲው ክሪስ ክሌርሞንትና ሠዓሊው ጆን በርን ኃይሏን ተነጥቃ በሕይወት እንድትቀጥል ወስነው፣ 137ኛውን ዕትም በዚያው መልክ አዘጋጅተው ነበር። ሹተር ግን አልተቀበለውም፤ ይህን ያህል ሕዝብ የፈጀች ገጸ ባሕርይ እንዲሁ ልትታለፍ አይገባም አለ። የመጨረሻዎቹ ገጾች እንደገና ተሠሩ፤ ጂንም ጨረቃ ላይ ራሷን አጠፋች። ከዘውጉ ታላላቅ ትዕይንቶች አንዱ የሆነው ይህ ሞት፣ ያለ አዘጋጁ እምቢታ ባልተጻፈም ነበር።

በ1984 የጀመረውን ባለ 12 ዕትም ሲክሬት ዋርስ፣ ከማቴል አሻንጉሊቶች ጋር ተያይዞ የወጣውን፣ ራሱ ጻፈው። በእሱ ዘመን ደራሲያንና ሠዓሊያን ከሽያጭ ድርሻ ማግኘት ጀመሩ። ጥብቅ ቁጥጥሩ ግን አንዳንድ ነባር ባለሙያዎችን አስቀይሞ ወደ ዲሲ አሻገራቸው።