ጀርመንኛና አባ ጎርጎርዮስ

እዚህ አራብሳ ጎረቤቴ የሆነች ኮሌጅ የገባች ልጅ ጀርመንኛ ጀምራለች፡፡ የኮንዶሚኒየም ግድግዳ መቼ ድምፅ ይከለክላል! ማታ ማታ «እኔ» የሚለውን ቃላቸውን ስትለማመድ እሰማለሁ፡፡ «ኢሽ» ብትል አይደለም፣ «ኢኽ» ብትል አይደለም፡፡ ምላስን «ይ» እንደሚሉ አስጠግቶ ትንፋሽ ብቻ ማውጣት ነው አሉ፡፡ «ጋሼ፣ ምላሴ እንቢ አለኝ» ብትለኝ ይህን አጫወትኳት፡፡

ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባል የኤርፉርት ጀርመን ግዕዝን ከመጽሐፍ ተማረ፤ መጽሐፍ ግን ድምፅ የለውም፡፡ በ1649 እ.ኤ.አ. ሮማ ላይ የመካነ ሥላሴውን አባ ጎርጎርዮስን አገኘ፡፡ በ1652 መስፍኑ ኤርንስት አባን ጎታ ወደሚገኘው ቤተ መንግሥታቸው አስጠሩ፤ ሉዶልፍም አማርኛን ካንደበታቸው ተማረ፡፡ የኛ ጠ፣ ቀ፣ ጨ በጀርመንኛ የሉም፤ ትንፋሽን ጉሮሮ ላይ አግቶ መልቀቅ ይጠይቃሉ፡፡ እንግዲህ ያን ጊዜ ምላሱ የሚታሰረው ጀርመኑ፣ አስተማሪው የኛው ሰው ነበር፡፡

አባ በ1658 ወዳገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ሰጥሞ ሞቱ፡፡ ሉዶልፍ በ1698 ፍራንክፈርት ላይ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ፡፡

«ስንት ዓመት ፈጀበት?» አለችኝ ልጅቷ፡፡ ከጎታ እስከ መጽሐፉ 46 ዓመት ነው፤ አልነገርኳትም፡፡ ፈተናዋ ለሰኔ ነው፡፡