ዓይን አውጣው ማነው?

አማርኛችን በዓይን ይጨክናል። ሐፍረት የሌለውን ሰው «ዓይን አውጣ» እንለዋለን። ስምንተኛ ክፍል ሳለን ዓይናቸው ወጣ ያለ አንዲት መምህር ነበሩን። እኛም ከጀርባቸው ስም አውጥተን ስንስቅ ከረምን። ታመው እንደነበር የሰማነው ትምህርት ቤቱን ከለቀቅን በኋላ ነው። እንግዲህ ይህች ጽሑፍ የዘገየች ይቅርታ ትሁንልን።

ነገሩ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1835 የደብሊኑ ሐኪም ሮበርት ግሬቭስ እንቅርትን ከኃይለኛ የልብ ምት ጋር አያይዞ ጻፈ። በ1840 ጀርመናዊው ካርል ፎን ባዜዶ እንቅርትን፣ የልብ ምትንና የዓይን መውጣትን በአንድ አሰለፈ። እንቅርት ያለበት ሁሉ ግን ዓይኑ አይወጣም። በዚህ በሽታ የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የገዛ አካሉን ሲወጋ፣ ከዓይን ኋላ ያለው ጡንቻና ስብ ያብጣል። የዓይን ጉድጓድ አጥንት ነውና አይሰፋም፤ ዓይን ወደ ውጭ ይገፋል።

ቤት ሲጠብ ምን ይደረጋል? ግድግዳ ይፈርሳል! ሐኪሞቹም ያሰቡት ይህንኑ ነው። በ1911 ሃንጋሪያዊው ዶሊንገር በጎን በኩል ያለውን አጥንት አነሳ። በ1931 አሜሪካዊው ናፍዚገር የራስ ቅል ከፍቶ ጣሪያውን አነሳ። በ1957 ዋልሽና ኦጉራ ከላይኛው ከንፈር ሥር ገብተው ወለሉንና የውስጡን ግድግዳ አፈረሱ። በ1990 እነ ኬኔዲ በአፍንጫ በሚገባ ቀጭን መመልከቻ፣ ፊት ሳይቀደድ መሥራት እንደሚቻል አሳዩ።

ዛሬ ቀዶ ሕክምናው ተራ አለው፤ መጀመሪያ አጥንቱ፣ ቀጥሎ የተጣመመው ጡንቻ፣ መጨረሻ የዓይን ቆቡ። ሁሉም ለሁሉ አያስፈልግም። አብዛኛውን ጊዜ በሽታው እስኪረጋ ይጠበቃል፤ የእይታ ነርቭ ከተጨነቀ ግን ቀጠሮ የለም፣ ብርሃን ሊጠፋ ይችላልና። ቢላዋውም ዕዳ አለው፦ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ማየት ሊያመጣ ይችላል። በ2020 አሜሪካ ቴፕሮቱሙማብ የተባለ መድኃኒት ፈቀደች፤ ዋጋው ግን የሚቀመስ አይደለም። ሲጋራ ማቆም ግን ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጭሱ ይህን የዓይን ሕመም ያብሳልና።

ወገን፣ የጓደኛችሁ ዓይን ወጣ ወጣ ካለ፣ በተለይ ቀለም ከደበዘዘበት፣ ቅጽል ስም ሳይሆን ሐኪም ፈልጉለት። በታመመ ሰው ላይ ሳቅ መጨመር በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው። ለካ ያኔ በዚያ ክፍል ውስጥ ዓይን አውጣዎቹ እኛ ነበርን።