ከወቅፍ ኪራይ ወደ ረመዷን ሰደቃ፦ የካይሮ ነፃ ሕክምና

በካይሮ ድሃን ያለ ክፍያ የሚያክሙ ሆስፒታሎች ደጋፊያቸውን አጥብቀው የሚጣሩት በረመዷን ወር ነው። የከተማዋ የቀድሞ ሆስፒታሎች ግን ወር ጠብቀው አይለምኑም ነበር፤ የሚተዳደሩት በሱቅ፣ በመታጠቢያ ቤትና በእርሻ ኪራይ ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው ታሪክ ከሞላ ጎደል የወቅፍ መነሣትና መውደቅ ታሪክ ነው።

ወቅፍ ማለት ባለንብረቱ ቤቱን ወይም መሬቱን እንዳይሸጥ፣ እንዳይወረስ አድርጎ ገቢውን ለበጎ ሥራ ማዋል ነው። መሠረቱ ሰው ከሞተ በኋላም ምንዳው የማይቋረጥ ምጽዋት፣ ማለትም ሰደቃ ጃሪያ እንዳለ የሚያስተምረው ሐዲስ ነው። የግብፅ ገዥ የነበረው አሕመድ ኢብን ጡሉን በ870ዎቹ መጀመሪያ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው) ሆስፒታል ሲያሠራ በዚህ መንገድ ሄደ። ቦታው ያን ጊዜ በፋርስኛ ስም ቢማሪስታን፣ ማለትም የሕሙማን ቤት ይባል ነበር። የታሪክ ጸሐፊው መቅሪዚ እንዳቆየልን፣ የገባው በሽተኛ ልብሱንና ገንዘቡን ለጠባቂ አስረክቦ የሆስፒታሉን ልብስ ይለብሳል፤ አንድ ዶሮና አንድ ዳቦ መብላት የቻለ ዕለት ድኗል ተብሎ ንብረቱ ይመለስለታል። ወታደርና ባሪያ አይታከምበትም ነበር። ኢብን ጡሉን በየዓርቡ እየመጣ ይጎበኝ እንደነበርም ይተረካል፤ አንድ የአእምሮ ሕመምተኛ ሮማን ለምኖ ሲሰጠው መልሶ ደረቱ ላይ ስለወረወረበት ግን ከዚያ በኋላ አልተመለሰም ይባላል።

ከሁሉ የገነነው የሱልጣን ቀላውን ቢማሪስታን ነው። ቀላውን ገና አሚር ሳለ ደማስቆ ላይ በጽኑ ታምሞ፣ የሶሪያ ገዥ የነበረው ኑረዲን በ1154 ባሠራው ሆስፒታል መድኃኒት ዳነ፤ ሥልጣን ከያዝኩ ብጤውን እሠራለሁ ብሎም ተሳለ። በ1284 በአሮጌው የፋጢማውያን ቤተ መንግሥት ቦታ ላይ አስጀመረና ከመድረሳውና ከመቃብር ቤቱ ጋር በዓመት ከምናምን አስጨረሰው። ለትኩሳት፣ ለዓይን፣ ለቀዶ ሕክምናና ለተቅማጥ የተለያዩ አዳራሾች፣ ለሴቶችም የራሳቸው ክፍል ነበረው። የወቅፉ ሰነድ ወንድና ሴት፣ ሀብታምና ድሃ፣ ነዋሪና መንገደኛ ሳይለይ፣ የመቆያ ቀንም ሳይወሰን እስኪድኑ ይታከሙ ይላል፤ ኢብን ጡሉን በዘጋው በር ሌላው ሁሉ ገባበት። ቤቱ ለተኛ ድሃም መድኃኒትና ምግብ ይላክለት ነበር። ለሞተው የመገነዣና የመቅበሪያ ወጪ የሚሸፈነው ከዚያው ገቢ ነው። ገቢውን መቅሪዚ በዓመት ወደ አንድ ሚሊዮን ዲርሃም ያደርሰዋል፤ ምንጩም በካይሮ ያሉ የገበያ ሱቆችና መታጠቢያ ቤቶች፣ በሻም (በሶሪያ ምድር) ያሉ ርስቶችም ነበሩ። የደም ሳንባዊ ዝውውርን የገለጸው ሐኪም ኢብን አልነፊስ በ1288 ሲሞት ቤቱንና መጻሕፍቱን ለዚሁ ሆስፒታል አወረሰ።

የወቅፍ ድካሙ ግን ከጥንካሬው ጋር አብሮ ይወለዳል። ሱቁ ሲቃጠል፣ ሰፈሩ ሲከሳ ወይም አስተዳዳሪው ሲሰርቅ ሆስፒታሉም ይራባል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን አሚሩ ዓብዱረሕማን ከትኹዳ የቀላውንን ሆስፒታል አሳድሶት ነበር፤ ይህን ከዘገቡት አንዱ የዘር ግንዱ ከጀበርት፣ ከአፍሪካ ቀንድ፣ የሚመዘዘው የካይሮ ታሪክ ጸሐፊ አልጀበርቲ ነው። ቤተሰቡ በአልአዝሃር የሀበሻ ተማሪዎች ማደሪያ የሆነውን ሪዋቅ አልጀበርት ያስተዳድር ነበር፤ የዚያ ማደሪያ ተማሪዎችም የዕለት ዳቦአቸውን ያገኙ የነበረው ከወቅፍ ነው። የግብፅ ገዥ መሐመድ ዓሊ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የወቅፍ መሬትን በመንግሥት እጅ ካደረገ በኋላ ግን የቀላውን ሆስፒታል አላገገመም። በክፍለ ዘመኑ አጋማሽ የቀሩት የአእምሮ ሕሙማን ብቻ ነበሩ፤ እነሱም ወደ ሌላ ቦታ ተወሰዱ። በግቢው ላይ ኋላ የዓይን ሆስፒታል ተሠራ።

በወቅፉ ምትክ የመጡት ማኅበራት ናቸው። በ1892 ሼኽ ሙሐመድ ዓብዱህ ባሉባቸው መሥራቾች ኢስላማዊው የበጎ አድራጎት ማኅበር ተቋቋመ። በ1909 የቤተ መንግሥትና የባላባት ሴቶች መበራት ሙሐመድ ዓሊ የተባለውን ማኅበር መሥርተው ድሃ እናቶችንና ሕፃናትን ማከም ጀመሩ፤ በ1947ቱ የኮሌራ ወረርሽኝም ሰፊ ሥራ ሠሩ። ከ1952ቱ አብዮት በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። የዚያው ዓመት ሕግ የቤተሰብ ወቅፍን ሻረ፣ የ1953ቱ ሕግ የበጎ አድራጎት ወቅፍን በአውቃፍ ሚኒስቴር ሥር አዋለ፣ የሴቶቹን ሆስፒታሎችም መንግሥት በ1960ዎቹ ወረሳቸው። መንግሥት ሁሉን በነፃ አክማለሁ ቢልም በጀቱ ከሕዝቡ ቁጥር እኩል መራመድ አልቻለም። ክፍተቱን የሞሉት በመስጊድ ሥር የተከፈቱ ክሊኒኮች ናቸው፤ ከእነሱ መካከል ሐኪሙና ደራሲው ሙስጠፋ ማሕሙድ በ1979 ከመስጊዱ ጋር ያቋቋማቸው የሕክምና ማዕከላት ስመ ጥር ናቸው።

ኪራይ ሲጠፋ ረመዷን ተተካ። ሐዲስ እንደሚለው ነቢዩ ከሰው ሁሉ ይልቅ ለጋስ ነበሩ፣ በረመዷን ደግሞ ከምንጊዜውም በላይ። ዘካተል ፊጥር፣ ማለትም የጾም መፍቻው ምጽዋት፣ ከዒድ ሶላት በፊት መሰጠት አለበት። የመዳን ተስፋ በሌለው ሕመም መጾም ያልቻለ ሰው ደግሞ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ምስኪን ያበላል፤ ይህ ፊድያ ይባላል። የሀብት ዘካ ግን ወር የለውም፤ ኒሷብ፣ ማለትም ዘካ የሚያስወጣውን ዝቅተኛ መጠን፣ የሞላ ገንዘብ የጨረቃ ዓመት ሲደፍን ከመቶ ሁለት ተኩል ይወጣበታል። ሰዉ ምንዳው ይበዛልና ሒሳቡን በረመዷን ይዘጋል።

ሆስፒታሎች እዚህ ላይ አንድ የሕግ እንቅፋት ገጥሟቸዋል። ቁርኣን ዘካ የሚገባቸውን ስምንት ወገኖች ሲዘረዝር ሕመምተኛ የሚል የለም፤ በሽተኛ ዘካ የሚያገኘው ድሃ ከሆነ ነው። ከዚህም በላይ ብዙ ሊቃውንት፣ በተለይም ሐነፊዎቹ፣ ዘካው በድሃው እጅ ገብቶ ንብረቱ መሆን አለበት ይላሉ፤ ግንብና ማሽን ደግሞ የማንም ድሃ ንብረት አይሆንም። ከዚህ የተነሣ ዘካ ለድሃው መድኃኒትና የሕክምና ወጪ፣ ሰደቃ ጃሪያ ለሕንፃና ለመሣሪያ የሚል ክፍፍል ተለመደ። ለጋሹም ሲሰጥ ገንዘቡ የቱ እንደሆነ ይጠየቃል።

የዚህ አሠራር ዋና ምሳሌ በሰይዳ ዘይነብ ሰፈር ያለው የሕፃናት ካንሰር ሆስፒታል ነው። መዋጮ ይገባበት የነበረው የባንክ ሒሳብ ቁጥር 57357 ነበርና ሆስፒታሉ ስሙን ከዚያው ወሰደ፤ በሐምሌ 2007 ሥራ ጀመረ፣ ሕፃናቱንም በነፃ ያክማል። ቀላውን አንድ ሱልጣን ሆኖ ያደረገውን እዚህ ሚሊዮኖች አንድ አንድ ፓውንድ እያዋጡ ሠሩት። ቤተሰብ አፍጥሮ ተከታታይ ድራማ ሲጠብቅ የሆስፒታል ማስታወቂያ ይቀድማል፤ ይህ የግብፅ ረመዷን አንድ መልክ ሆኗል። ለማስታወቂያው የሚወጣው ገንዘብም በየጊዜው ያከራክራል፤ ክርክሩ አግባብ አለው፣ የወቅፍ ሱቅ ማስታወቂያ አያሻውም ነበርና። በ2009 በአስዋን የተከፈተው የልብ ማዕከልም በረመዷን ይለምናል፣ ዘካም ይቀበላል፤ መሥራቹ ሰር መግዲ ያዕቁብ ቅብጥ ክርስቲያን መሆናቸው ለጋሹን አላገደውም።

የልገሳው ወር በየዓመቱ አሥር ወይም አሥራ አንድ ቀን ወደ ኋላ ይሸሻል፤ የሆስፒታል በጀት ግን በፀሐይ ዓመት ይሄዳል። በ1997 ረመዷን በጥርም በታኅሣሥ ማብቂያም ገብቶ ነበር፤ በ2030ም እንዲሁ ሁለት ጊዜ ይገባል።