ከደም ግንድ ሕዋስ እስከ ባሮ ዳር፦ የዳፊ ደምና የቫይቫክስ ወባ ታሪክ

ጋምቤላ ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ በባሮ ወንዝ ዳር የምትገኝ ቆላማ ከተማ ናት። ወባ በአካባቢው ዓመቱን ሙሉ አይጠፋም። አኙዋክና ኑዌር ለዘመናት በኖሩበት በዚህ ክልል እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1985 ከደጋ የመጡ ሰፋሪዎች ተጨመሩ። በመሆኑም አንድ ጥያቄ ጎልቶ ይነሣል፤ ቫይቫክስ ወባ ሁሉን እኩል ይይዛልን?

እ.ኤ.አ. በ1976 ሚለርና ባልደረቦቹ ያወጡት ጥናት መልስ የሰጠ መስሎ ነበር። ቫይቫክስ ወደ ቀይ የደም ሕዋስ የሚገባበት በር ዳፊ የተባለው ፕሮቲን ስለሆነ፣ ይህ ፕሮቲን የሌላቸው ሰዎች አይያዙም ተባለ። በምዕራብ አፍሪካ ዳፊ የሌለው ደም እጅግ የተስፋፋ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ግን ሁለቱም ዓይነቶች ጎን ለጎን ይገኛሉ። ማቲውስና አርምስትሮንግ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ኢትዮጵያ የዳፊ ደም ዓይነቶችና ቫይቫክስ ጽፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1995 ምክንያቱ ታወቀ፤ የአንዲት የዘረመል ፊደል ለውጥ ጋታ-1 የተባለው ፕሮቲን በቦታው እንዳይቀመጥ ያደርጋል።

እ.ኤ.አ. በ2010 ከማዳጋስካር የወጣ ጥናት ይህን እምነት አናወጠው፤ ዳፊ የሌላቸው ሰዎች በቫይቫክስ ታመው ተገኙ። ተመሳሳይ ዘገባ ከኢትዮጵያም ተከተለ።

ምሥጢሩን ለመፍታት ቀይ ሕዋስ ደረጃ በደረጃ ሲበስል መመልከት ያስፈልግ ነበር። ፋልሲፓረም እ.ኤ.አ. በ1976 በቤተ ሙከራ ሲባዛ፣ ቫይቫክስ ግን ገና ያልጎለመሱ ቀይ ሕዋሳትን ስለሚመርጥ አስቸጋሪ ሆኖ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2005 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች የደም ግንድ ሕዋሳትን በኤሪትሮፖይቲንና በሌሎች የዕድገት ንጥረ ነገሮች በቅደም ተከተል እየመገቡ፣ ቀጥሎም በደጋፊ ሕዋሳት ላይ እያሳደጉ፣ ኒውክሊየሱን እስኪጥል ድረስ ወደ ቀይ ሕዋስነት አደረሱ። እ.ኤ.አ. በ2007 የታይላንድ ባለሙያዎች ከእትብት ደም የተገኙ ቀይ ሕዋሳትን ለቫይቫክስ ማሳደጊያነት ሞከሩ።

እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ጥናት ደግሞ ዳፊ ከሌላቸው ሰዎች የተወሰዱ ግንድ ሕዋሳት በቤተ ሙከራ ሲበስሉ፣ እንዲሁም የመቅኔያቸው ሕዋሳት ሲመረመሩ፣ የሚሠራ ዳፊ እንደሚታይባቸው አሳየ። በሩ የጠበበ እንጂ ፈጽሞ የተዘጋ አልነበረም።

ትምህርቱ ለጋምቤላ ጤና ባለሙያ ግልጽ ነው። የታማሚን ብሔር አይቶ ቫይቫክስን ከግምት ማውጣት አይገባም። በጉበት ተኝቶ የሚቆየው ጥገኛ ሳይታከም ከቀረ፣ ታማሚው ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ዳግም ያገረሽበታል። ብሔር ምርመራን አይተካም።