ከግንባታው በፊት ደመወዙ፦ ከጦርነት ማግስት የጤና አገልግሎትና የላይቤሪያ ተሞክሮ

ከጦርነት በወጡ አገሮች የጤና አገልግሎት ማገገሙ ዘወትር የሚለካው በታደሱ ጤና ጣቢያዎች ብዛት ነው። በዚህ መጣጥፍ የምከራከረው ግን አስቀድሞ ሊመለስ የሚገባው ጥያቄ ሌላ መሆኑን ነው፦ የባለሙያውን ደመወዝ ማን፣ ከየትኛው በጀት፣ እስከ መቼ ይከፍላል?

በላይቤሪያ እ.ኤ.አ. በ1989 የተቀሰቀሰው የእርስ በርስ ጦርነት ነሐሴ 2003 አክራ ላይ በተፈረመው ስምምነት ሲቋጭ፣ ሦስት ሚሊዮን ለሚጠጋው ሕዝብ የቀሩት ሐኪሞች በአሥሮች የሚቆጠሩ ነበሩ። ሥራ ያላቋረጡትን ተቋማት በአመዛኙ ያንቀሳቅሱ የነበሩት መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ናቸው። የፕሬዚዳንት ኤለን ጆንሰን ሰርሊፍ መንግሥት የመሠረታዊ ሕክምና ክፍያን አነሣ፤ በ2007 የትኛው ተቋም ምን አገልግሎት መስጠት እንዳለበት የሚወስን ጥቅል አወጣ። በ2008 ደግሞ የለጋሾች ገንዘብ በጤና ሚኒስቴር መሪነት ወደ አንድ የጋራ ቋት መግባት ጀመረ። ከእርምጃዎቹ ሁሉ ትልቁን ዋጋ የምሰጠው ለዚህኛው ነው፤ ለጋሹ በየፊናው ክሊኒክ ከሚመርጥ፣ አገሪቱ የሚቀድመውን ራሷ እንድትወስን አስችሏታልና።

የደመወዝ ነገር ግን እልባት አላገኘም። ብዙ ነርሶችና አዋላጆች በመንግሥት የደመወዝ መዝገብ ሳይሰፍሩ በአበል ይሠሩ ነበር። በ2014 ኢቦላ ሲገባ ጓንትና ንጹሕ ውኃ እንኳ ባልተሟላላቸው ተቋማት ወረርሽኙን የተጋፈጡት እነዚሁ ናቸው። ከአገሪቱ ሐኪሞች፣ ነርሶችና አዋላጆች 8 በመቶ ያህሉ በበሽታው አለቁ። በዚያው ዓመት ጥቅምት የጤና ሠራተኞች ማኅበር ለአደጋ ተጋላጭነት ክፍያ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ። ይህን በስግብግብነት መፈረጅ በደል ነው፤ ለአሥር ዓመት ያህል ሲንከባለል የመጣ ዕዳ ነበር።

መንግሥት ትምህርቱን የወሰደው ዘግይቶ ነው። በ2016 የተጀመረው የማኅበረሰብ ጤና ረዳቶች ፕሮግራም፣ ከጤና ተቋም ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው የሚኖሩ ሰዎችን የሚያገለግሉት ረዳቶች ቋሚ ወርሃዊ ክፍያ እንዲያገኙ ደነገገ። አፍጋኒስታን በበኩሏ በለጋሾች ገንዘብ ላይ ጥገኛ የመሆንን ዋጋ በነሐሴ 2021 አይታለች፤ ገንዘቡ ሲታገድ ብዙ ተቋማት በሳምንታት ውስጥ መድኃኒትም ደመወዝም አጡ።

ጉዳዩ ለእኛ ለኢትዮጵያውያንም ቅርብ ነው። የሰሜኑን ጦርነት ካስቆመው የጥቅምት 2015 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የፕሪቶሪያ ስምምነት በፊት በትግራይ የጤና ባለሙያዎች ለብዙ ወራት ያለ ደመወዝ ሲያክሙ ቆይተዋል፤ በአማራና በአፋርም ብዙ ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። የመልሶ ግንባታ ዕቅድ የምታወጡ ሁሉ፣ ከሕንፃ ግንባታ ጨረታው በፊት የባለሙያዎቹን ውዝፍ ደመወዝ በበጀቱ የመጀመሪያ መስመር ላይ አስፍሩ።