በመተማ ቈላ ያለፉ መጻሕፍትና የተከተሏቸው ተማሪዎች

ከጎንደር ተነሥቶ በጭልጋ በኩል ወደ መተማ የሚወርድ መንገደኛ፣ ደጋው ከኋላው እየቀረ፣ ሙቀቱም እየበረታበት ሲሄድ፣ በመጨረሻ ሰሊጥና ጥጥ ወደሚዘራበት፣ የዕጣን ዛፍም ወደሚበቅልበት ቈላ ይደርሳል። በዚህ መንገድ ቡናና ሰም፣ ወርቅና የዝሆን ጥርስ፣ በክፉው ዘመንም ሰው ሳይቀር ተሽጦ ወደ ሱዳን እንደ ወጣ ብዙዎች ያውቃሉ። መጻሕፍትም በዚሁ መንገድ መውጣታቸውን ግን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። በገንዳ ውሃ ከተማ በመዝገብ ቤት ሥራ የምተዳደር ሰው ስለ ሆንሁ፣ አንድ ወረቀት ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ መከታተል ልማድ ሆኖብኛል። ስለዚህ የእነዚያን መጻሕፍት ጉዞና እነርሱን ፍለጋ ባሕር የተሻገሩትን ተማሪዎች ነገር ለአንባቢ ለማቅረብ ወደድሁ።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ጎንደር የገባው በ1762 ዓ.ም. ነው። በዳግማዊ ዐፄ ተክለ ሃይማኖት ቤተ መንግሥት ባለሟልነትን አግኝቶ ሲኖር፣ ራሱ እንደ ጻፈው፣ የራስ ኤል ፊል ገዥነት ተሰጥቶት ነበር። ራስ ኤል ፊል ማለት በዛሬው መተማ አካባቢ የነበረ የጠረፍ ግዛት ነው። እንግዲህ ይህን ቈላ አንድ ጊዜ መጽሐፍ ሰብሳቢ ሹሞበት ነበር ማለት ነው፤ ምንም እንኳ እርሱ በጎንደር ተቀምጦ ሥራውን ሁሉ ለምክትሉ ለያሲን የተወ ቢሆንም።

በታኅሣሥ 1764 ዓ.ም. ጎንደርን ተሰናብቶ ወደ ግዛቱ ሲወርድ፣ ከጭነቱ መካከል የብራና መጻሕፍት ነበሩ፤ ከእነዚህም መጽሐፈ ሄኖክ ብቻውን በ3 ቅጂ ይገኝ ነበር። ቈላው ግን ወዲያው አልለቀቀውም። ተቅማጥ ክፉኛ ያዘውና እስከ መጋቢት ድረስ በዚያው ቈየ። ያዳነውም የአገሩ ሰዎች የሰጡት የዋጊኖስ ቅርፊት ነው። የዕፀዋት ሊቃውንት ኋላ ያንን ቍጥቋጦ በብሩስ ስም ጠሩት፤ መድኀኒቱን ያወቁት ሰዎች ግን ስማቸው በዕፅዋቱ መዝገብ አልገባም። ከዚያ በስናር አልፎ ወደ ግብፅ ሲያቀና፣ በኑብያ በረሓ ግመሎቹ አለቁበትና ጭነቱን በአሸዋ ላይ ጥሎ በእግሩ ገሠገሠ። በኅዳር 1765 ዓ.ም. አስዋን ደርሶ ሌሎች ግመሎች ካገኘ በኋላ ተመልሶ ዕቃውን አነሣ። በእነዚያ ቀኖች አንድ ዘላን ቀድሞት ደርሶ ቢሆን ወይም ነፋሱ አሸዋውን አልብሶት ቢሆን፣ ከዚህ በታች የምናገረው ሁሉ ባልኖረም ነበር።

መጽሐፈ ሄኖክ በቤተ ክርስቲያናችን ከብሉይ ኪዳን መጻሕፍት ጋራ የሚቈጠር ሲሆን፣ ሙሉ ሆኖ የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው። ብሩስ አንዱን ቅጂ ለፈረንሳይ ንጉሥ ቤተ መጻሕፍት ሰጠ። እርሱ ገና እንግሊዝ አገር ሳይደርስ፣ ወይደ የተባለ ሊቅ የመንግሥት የአደራ ደብዳቤ ይዞ ከለንደን ወደ ፓሪስ ገሥግሦ መጽሐፉን ገለበጠ። ከዚያ አስቀድሞ፣ በ1652 እ.ኤ.አ.፣ አባ ጎርጎርዮስ ወደ ጀርመን አገር ወደ ጎታ ሄደው ነበር፤ ነገር ግን እርሳቸው ሉዶልፍን ሊያስተምሩ የሄዱ መምህር ናቸው እንጂ ተማሪ አይደሉም። ኋላም ዲልማን የሚባል ጀርመናዊ ገና በ23 ዓመቱ፣ በ1846 እ.ኤ.አ.፣ ከአገሩ ተነሥቶ በፓሪስ፣ በለንደንና በኦክስፎርድ ያሉትን የግእዝ መጻሕፍት አንድ በአንድ እያገላበጠ ዝርዝራቸውን ጻፈ። የሄኖክን የግእዝ ንባብ በ1851፣ ታላቁንም መዝገበ ቃላት በ1865 አሳተመ። እኛ ዛሬ ለዶክትርና ተማሪ የቤተ መጻሕፍት ቈይታ ብለን የምንጠራው ነገር ምን ሊያፈራ እንደሚችል ከዚህ ሰው የበለጠ የሚያስረዳ አላገኘሁም። ሁለት ዓመት ያህል ባዳ ከተማ ተቀምጦ ካርድ መጻፍ ጊዜ ማባከን ለሚመስላቸው አለቆች ይነገርልኝ።

በ1860 ዓ.ም. መቅደላ በወደቀች ጊዜ የሆነው ከብሩስ ግዢ ጋራ የሚነጻጸር አይደለም። ምርኮውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች አስፈልገው እንደ ነበር ይነገራል፤ ከዚያም 350 ያህል መጻሕፍት ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። እነዚህ ዛሬ ያሉት በ1973 እ.ኤ.አ. ከሙዚየሙ ተለይቶ በተቋቋመው ብሪቲሽ ላይብረሪ ነው። ዐፄ ዮሐንስ በነገሡበት ዓመት፣ በነሐሴ 1864 ዓ.ም.፣ ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው ወደ እንግሊዝ ጻፉ፤ የአገሬ ሕግ በእርሱ ውስጥ ነው ብለውም አስረዱ። እንግሊዞቹ ሁለት ቅጂ ስለ ነበራቸው አንዱን መለሱ። ጥያቄያቸው ተሰምቶ መጽሐፍ ያስመለሱት እኚሁ ንጉሥ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ ጦርነት ወደቁ። ራሳቸውም ተቈርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። ከተማችን መተማ ዮሐንስ የምትባለው ስለዚህ ነው።

የእኛ ተማሪዎች መከተል የጀመሩት ዘግይተው ነው፤ ግን ባዶ እጃቸውን አልሄዱም። ታደሰ ታምራት በለንደን ዩኒቨርሲቲ በ1968 እ.ኤ.አ. ዶክተር የሆኑበትን ጥናት ሲያዘጋጁ፣ በአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት ያሉትን ገድላት ያነበቡት ግእዙን ከአገር ይዘው ሄደው ነው። በ1972 የታተመው መጽሐፋቸው ስለ መካከለኛው ዘመን ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት ለሚጠይቅ ሁሉ መነሻ ሆኖ ቀርቷል። ጌታቸው ኃይሌም በቱቢንገን በ1962 እ.ኤ.አ. ተመርቀው፣ ከ1976 ጀምሮ በሚኔሶታ፣ ከአገራችን ገዳማትና አድባራት በማይክሮፊልም የተነሡትን መጻሕፍት ሲመረምሩ ዕድሜያቸውን ፈጸሙ፤ በ2021 እ.ኤ.አ. ዐረፉ። ፈረንጅ ያዘጋጀውን ዝርዝር የማረም ሥልጣን ያላቸው እንደነዚህ ያሉ ሰዎች ናቸው።

በገንዳ ውሃ የማውቀው አንድ ወጣት መምህር ስለዚህ ቈላ ታሪክ የዶክትርና ጥናት ጀምሯል። መጀመሪያ ያሰበው ወደ ካርቱም መሻገር ነበር፤ የማህዲስቶቹ ደብዳቤዎች በዚያ ነበሩና። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ግን በሱዳን ጦርነት ተነሣ፤ እርሱ ሊሻገርበት ባሰበው ድንበር ስደተኞች በእንብርክክ ሲገቡ አየን። ወደ ለንደን ፊቱን ቢያዞር፣ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. በብሪቲሽ ላይብረሪ ላይ የኮምፒዩተር ጥቃት ደርሶ፣ በመስኮት የሚታዩት የብራና ምስሎች ሳይቀሩ ተዘጉ። ያን ጊዜ፣ ምስሉ ካለ መሄድ ምን ያደርጋል ይሉት የነበሩት ሁሉ ዝም አሉ።

ብሩስ ወደዚህ ሲመጣ የባንክ ደብተር አሳይ ያለው አልነበረም፤ ይልቁንም ሹመት ተሰጥቶታል፣ ሲታመምም ዳነ። ይህ መምህር ግን ለቪዛ የሚያቀርበው ወረቀት በእኔ መዝገብ ቤት አንድ ማኅደር ሞልቶ ወደ ሁለተኛው ተላልፏል። ከማኅደሩ አንድ ደብዳቤ በአንድ መሥሪያ ቤት ጠፍቶ ሦስት ወር አስቈይቶናል፤ አንዱንም ምስጥ በልቶት እንደ ገና አስጻፍን።

በንባብ ቤቱ ውስጥ ብራናው በትራስ ላይ እንደሚቀመጥ፣ ብዕር ተከልክሎ እርሳስ ብቻ እንደሚፈቀድ፣ ውሃም ይዞ መግባት እንደማይቻል ሲነግረኝ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚያሳድጉት ሕፃን እንዲህ ያለውን ጥንቃቄ መቼ ያጣዋል አልሁት። እርሱ ግን የሚያሳስበው ሌላ ነው፤ በዘመናዊ ትምህርት ቤት ስላደገ ግእዙ አልጠናለትም። አሁን በሳምንት ሦስት ቀን ከሥራ በኋላ ወደ አንድ መሪጌታ ዘንድ እየሄደ ንባብ ይማራል። ባለፈው ሳምንት ሄኖክን ጀምረዋል፤ መሪጌታው መጽሐፉ በእኛ ቈላ አልፎ ወደ ፓሪስ መሄዱን ከእርሱ ሲሰሙ፣ መንገዱን በጣታቸው በመሬት ላይ እንዲያሳያቸው ጠየቁት።